ተጋጣሚ ያጡት አሰልጣኝ

ከሮም ባቡር ጣቢያ ከተርሚኒ አጠገብ እትዬ ዘነቡ ምግብ ቤት ምሳ እየበላሁ፣ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። ተጫዋቾቻቸውን ሮም ሊያስጎበኙ የመጡ፣ የአንድ ትንሽ ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ናቸው። ትልልቆቹ ኮሌጆች የቴሌቪዥን ገንዘብ ፍለጋ ወደ ሌላ ሊግ ሄደው የእሳቸው ሊግ ሊፈርስ ነው። "ማን ከእኛ ጋር ይጫወታል?" ብለው እንባቸው መጣ። እኔ ዓይኔን የማሳርፍበት ጠፋኝ።

ሮም ያለን ኢትዮጵያውያን ያቋቋምነው እድር ሰብሳቢ እትዬ ዘነቡ ናቸው። ነገሩን ብተረጉምላቸው ተቆጡ።

"አሎራ፣ እንግዲያ ሀብታሞቹ ሲወጡ የእኛ እድር ፈረሰ? እኛ እንገጥማቸዋለን በላቸው።"

ቀልድ መስሎኝ ተረጎምኩ። እሑድ ግን ከእድርተኞቹ ጋር ቦርጬን ይዤ፣ ሁለት ሜትር የሚሆኑ ጎረምሶች ፊት ተሰለፍኩ። አሰልጣኙ ፈገግ ብለዋል። እኔ መውጫውን በዓይኔ እፈልጋለሁ።

እትዬ ዘነቡ ከዳር ሆነው፣ "አይዞህ ልጄ፣ የከፋ ቢመጣ እድር አለህ" አሉኝ።