የታጠቡት መስታወቶች

የያዙኝ ከመርሳ መውጫ፣ ኬላው ላይ ነው። ሚኒባሱ ቆመ፣ ሁላችንም ወረድን፣ ቦርሳዬ ተከፈተ። ጓንት፣ ጥጥና ክዳኑ የጠበቀ ብልቃጥ ወጣ። ብልቃጡ ውስጥ ቀጫጭን መስታወቶች አልኮል ውስጥ ተነክረዋል።

«ይኼን ጫካ ላሉት ነው የምትወስጂው?» አለ ፈታሹ።

«ወልድያ የላቦራቶሪ ተማሪ ነኝ። እዚህ ግራና ካሉ ሴቶች የተወሰደ ናሙና ነው።»

«የምን ናሙና?»

ተሳፋሪው ከቦኛል፤ አብዛኛው ወንድ ነው። «የማህፀን በር» ማለት አቃተኝ። «የ... የሴቶች ነው» አልኩና ድምፄ ጠፋ። እንዲህ የሚንተባተብ ሰው ደግሞ ማን ያምነዋል? ሚኒባሱ ትቶኝ ሄደ።

ያሰሩኝ የፖሊስ ጣቢያ ክፍል እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። በሩ ላይ እጅ የማታሾልክ መስኮት አለች። ውስጥ አንዲት እናት ብቻ ነበሩ፤ ልጃቸው ከቤት ወጥቶ ስላልተመለሰ «የት ደበቅሽው?» እየተባሉ የሚጠየቁ። ጋቢያቸውን ዘርግተው ግማሹን ለቀቁልኝ። መቀመጥ ግን አልቻልኩም። በመስኮቷ በኩል ብልቃጤ ዘበኛው ጠረጴዛ ላይ ይታየኛል።

«ምን ሆነሽ ነው የምትንቆራጠጪው፣ ሆዴ?»

«እማማ፣ መስታወቶቹ ከአልኮሉ ወጥተው ከደረቁ አለቀ። እንደገና ኑ ብዬ ማንን ልጥራ? አንዷ እኮ ባሏን ወፍጮ ቤት ልሄድ ነው ብላ፣ እህሏን እንደተሸከመች ነው የመጣችው። ናሙናውን የወሰደችው ነርስ ደግሞ እሷ ላይ ያልወደደችው ነገር አይታለች።»

«መስታወቱ ምን ይናገራል?»

«ካንሰር ከመሆኑ በፊት በማይክሮስኮፕ ያሳያል። ያኔ ከተገኘ ይታከማል።»

«ሳይብስ?»

«ሳይብስ።»

 «እህቴን እንዲያ ሆና ነው የቀበርኳት» አሉ። «እኛ የሰው ዓይን ነው ስንል።»

በሩን መታሁ። «ወንድሜ፣ ብልቃጡን እንዳትከፍተው!»

«እሺ አልኩሽ፣ አርፈሽ ቁጭ በይ!»

ደግሞ መታሁ። እጄ እስኪቀላ መታሁ። ሬዲዮውን ከፍ አደረገው።

በማግስቱ ከኮሌጁ ተደወለና ተማሪነቴ ተረጋገጠ። ዘበኛው ፈገግ ብሎ ብልቃጡን ሰጠኝ። መስታወቶቹ ያብረቀርቃሉ።

«ቆሽሸው አየኋቸውና በሳሙና አጠብኩልሽ። ያንን አረቄሽንም ደፋሁት፤ ሽታው ራስ ያዞራል።»

አንዱን ወደ ብርሃን አነሳሁ። በእርሳስ የተጻፈው መለያ ጫፉ ላይ አለ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። መጮህ ፈለግኩ። ከሁሉ ያናደደኝ ሰውዬው ክፉ አለመሆኑ ነው። ክፉ ቢሆን እኮ ይቀል ነበር!

«አመሰግናለሁም አይባል?» አለኝ።

ግቢው በፖሊሶችና በባለጉዳይ ሽማግሌዎች ተሞልቷል። ቀና አልኩ።

«ያጠብከው ከሴቶች ማህፀን በር የተወሰደ ነው። ሊታመሙ እንደሆነ ልናይበት ነበር።»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። የዘበኛው ፈገግታ ፊቱ ላይ ደረቀ። ከመስኮቷ የእማማ ድምፅ መጣ፦

«ድገሚለት፣ ሆዴ! ከወዲያ ያሉት አልሰሙም!»

ደገምኩት። ማህፀን በር። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

የግራና ሴቶች እያጉረመረሙም ቢሆን አብዛኞቹ እንደገና ናሙና ሊሰጡ ተመልሰው መጡ። እማማም ከተፈቱ በኋላ መጥተው ነበር። «እኔ ለማህፀን በር ነው!» ብለው ሰልፉን ሁሉ አሳቁት። እኔም አሁን ኬላ ላይ ስጠየቅ አልንተባተብም፤ ፈታሾቹ ናቸው የሚያፍሩት።

ያቺ እህል የተሸከመችው ግን አልመጣችም። ቤቷ ሄጄ እንዳልጠራት ባሏ ያውቅባታል። ግራና በወረድኩ ቁጥር አቋራጩን ትቼ በወፍጮ ቤቱ በኩል እዞራለሁ።