የኔታ ጥበቡና የጨረቃ ድንጋይ

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው... ደብረ ማርቆስ የሳይንስ መምህር ሆኜ እንደተመደብኩ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የቤቴ በር ተንኳኳ። ስከፍት የቅኔ መምህሩ የኔታ ጥበቡ ቆመዋል። ልጃቸው ትርንጎ፣ የክፍሌ ጎበዝ ተማሪ፣ ከኋላቸው አንገቷን ደፍታለች።

«ከሰኞ ጀምሮ ልጄን አትጠብቃት» አሉኝ።

«ምነው የኔታ፣ ምን አጠፋች?»

«እሷ ምን ታጠፋለች! የጨረቃ ድንጋይ ተመትቶ ማግኔት ሆነ ብለህ ያስተማርካት አንተ ነህ እንጂ። ተረት ልትሰማ ነው የላክኋት?»

እውነት ነው፣ አስተምሬያለሁ። ጠፈርተኞች ከጨረቃ ባመጡት ድንጋይ ላይ የማግኔት ኃይል ተገኝቷል፤ ጨረቃ ራሷ ግን እንደ ምድር ማግኔት አይደለችም። ታዲያ ከየት አመጣው? አንዳንድ ሊቃውንት፣ ከሰማይ እየተምዘገዘጉ የሚወድቁ አለቶች ሲመቱት ይሆናል ብለው ይጠረጥሩ ነበር።

«ምት ማግኔት ሲያደርግ በዓይንህ አይተሃል?»

አላየሁም... ከመጽሐፍ ያነበብኩት ነው። ግን «አሁኑኑ ላሳይዎት» አልኩ።

ከጎረቤት ድጅኖና መዶሻ ተዋስኩ፤ ኮምፓስ ነበረኝ። በመጽሐፉ ሥዕል ላይ እንዳየሁት ድጅኖውን ሽቅብ አቁሜ መታሁት። ወደ ኮምፓሱ ሳስጠጋው መርፌዋ ወደ ሁለቱም ጫፍ እኩል ተሳበች፤ ማግኔት ቢሆን ኖሮ አንደኛውን ትሸሽ ነበር። ደግሜ መታሁ... ያው። የትርንጎ ዓይን እንባ አቀረረ። የኔታ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ።

ድንገት ብልጭ አለልኝ። መጽሐፉ የፈረንጅ አገር ነው! እነሱ ጋ የምድር ማግኔት ወደ መሬት ዘቅዝቆ ይስባል፤ እኛ ጋ ግን፣ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ፣ ጋደም ብሎ ወደ ሰሜን ነው የሚያመራው።

«የኔታ፣ አንዴ ብቻ ይታገሡኝ!»

ድጅኖውን በዚያው አቅጣጫ ወደ ሰሜን አጋድሜ ጫፉን ደጋግሜ ቀጠቀጥኩት። ከዚያ አንዱን ጫፍ ሳስጠጋ መርፌዋ ተከተለችው። ሌላውን ሳመጣ... ዞራ ሸሸችው!

የኔታ ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው ሞከሩት። ደጋግመው።

«እዚህስ የምድር ማግኔት አለ፤ ምቱ ብረቱ ውስጥ አስገባው እንበል» አሉ ቀስ ብለው። «ጨረቃ ግን የላትም አላልክም?»

«ምቱ ራሱ የሚያስነሣው የጋለ ደመና ለቅጽበት ማግኔት ይፈጥር ይሆናል የሚሉ አሉ... ገና አልታወቀም፣ የኔታ።»

ጀንበር እያዘቀዘቀች ጨረቃ ብቅ ብላለች። አንጋጠው ቆዩ።

«ስንት ጊዜ ተመትታ ይሆን...» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ።

ሰኞ ጠዋት ትርንጎ ቦታዋ ላይ ነበረች። የኔታም ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

ከዚያ ወዲህ ሳልዘጋጅ ክፍል ገብቼ አላውቅም።