ከበሩ አትራቂ

ንገሩን፣ ፍረዱን ብለው የያዙኝ የልጅ ልጆቼ ናቸው እንጂ እኔስ ዛሬ ጆሮዬን ማሳረፍ ነበር የፈለግሁት። ሄለን ከትርጉም ድራማው የምትወዳቸውን ሁለት ፍቅረኞች ስልኳ ላይ እየቆራረጠች፣ ዘፈን እየለጠፈችባቸው ለሰው ታሳያለች፤ ይሄም ሥራ ሆኖ ከምሳ ጀምሮ ያችኑ ቁራጭ ዘፈን እየመላለሰች አናቴን አዞረችው። እህቷ ቤዛ ደግሞ አልተኛችላትም።

«ልጅቷ ወንዱን እያየች ዘፋኙ ‹አንቺ› ይላል እንዴ? ሰው ይስቅብሻል! ‹አንተ› የሚል ፈልጊ።»

«ዜማው ነው የሚሄድላቸው፣ አትነዝንዢኝ! እማማ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ።»

ለሄለን እንደሰማሽው ተዪው አልኳት። ቤዛ አኮረፈች። እያኮረፈች ይህን የምትጽፍልኝም እሷው ናት፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም።

ያደግሁት ሽሮ ሜዳ፣ ከዳገቱ ሥር፣ ባንዲት ክፍል ቤት ነው። አባቴ ሸማኔ ነበር። ገና ሳልድህ ስለሞተ ከእሱ የማውቀው፣ እግሩን አስገብቶ ይሸምንበት የነበረውን ጉድጓድ ብቻ ነው፤ እሱም በሳንቃ ተከድኖ የከሰል ማስቀመጫ ሆኗል። እናቴ በሩ ላይ ተቀምጣ ለሰው ትፈትላለች፤ እንዝርቷ ሲሾር፣ የጥጡ ብናኝ ፀሐዩ ውስጥ ሲንሳፈፍ፣ ሁልጊዜ ያንኑ አንድ ዘፈን ታንጎራጉራለች፦ «አንቺ ዓይናማዬ፣ ከበሩ አትራቂ።» እኔ ሞኟ ለእኔ የምትለው ይመስለኝ ነበር። ቤት ውስጥ ሌላ ማን «አንቺ» አለና! የሠፈር ልጆች ጅረት ወርደው ሲንቦጫረቁ እኔ ጉልበቴን አቅፌ፣ እየተናደድኩም እየኮራሁም፣ በሩን እጠብቃለሁ፤ ዓይናማ መባል ቀላል ነው እንዴ? አንዳንዴ ሲመረኝ፣ «ሌላ ዘፈን የለሽም ወይ?» ብዬ አለቅስባታለሁ፤ ትስቅና ከመጀመሪያው ትጀምረዋለች።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡንም ይህ ዘፈን ያንገበግባቸው ነበር።

«አንቺ፣ ባል ሞተብሽ እንጂ ባል ሆንሽ እንዴ? እንደ ሴት ‹አንተ› ብለሽ ዝፈኚ፣ ምናልባት አንዱ ሰምቶ ይመጣል!»

«እንደሰማሁት ነው የምለው፣ እትዬ» ትላለች እናቴ፣ ቀና ሳትል። በቃ። ከየት ሰማሽው ብዬ ሳልጠይቃት እኔም ወለድኩ፣ እሷም አረጀች።

እናቴን ቀብረን የተመለስን ዕለት፣ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ጋሽ ወልዴ፣ ያኔ ከአባቴ ጎን ይሸምኑ የነበሩት ናቸው። ለእኔ የምትዘፍንልኝ ዘፈን ነበራት ብዬ ቃሉን ብነግራቸው ትክ ብለው አዩኝ።

«ላንቺ? ያ እኮ የአባትሽ ነው! ራሱ ነው ያወጣው። ከጉድጓዱ ሆኖ፣ በር ላይ ለምትፈትለው ለእናትሽ ነበር የሚላት።»

ፎቶ እንኳ የሌለው ሰው! በእሱ አፍ እንዴት እንደነበር እንዲያሰሙኝ ለመንኳቸው፤ ዜማው ከአእምሯቸው ጠፍቷል። ስለዚህ በልቅሶ መሐል፣ ሰው ምን ይል ሳልል፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እኔው ዘፈንኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና፣

«ልክ ነሽ» አሉኝ። «ብቻ እሱ ትንሽ ፈጠን ያደርገው ነበር፤ ከሚሸምንበት መወርወሪያ ጋር እኩል።»