በጠባብ ልብስ የሚበረው ሰውዬና የሚካኤል ጽዋ

የበደለችኝ የባሌ ታላቅ እህት ናት። የበደለችኝም የባሌ ተዝካር በወጣ ማግስት፣ ድንኳኑ ገና ሳይነቀል ነው።

ባሌ እስኪሞት ድረስ የሚካኤል ማኅበርተኛ ነበር። በየወሩ በአሥራ ሁለት ከአባላቱ ባንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ይጸልያሉ፣ ጽዋ ይጠጣሉ፣ ሰው ያማሉ። አባል ሲሞት ቦታው የሚስቱ ወይም የልጁ ነው። እትዬ ግን የማኅበሩ ቄስ ፊት ነጠላዋን አደግድጋ ቆመችና፣ "እሷን ሐዘኑ ጎድቷታል። ማኅበሩንም አልፈልግም ብላለች። የወንድሜን ጽዋ እኔ አነሣለሁ" አለች።

እንዲህ ብዬ አላውቅም። ጥቁር ለብሼ እዚያው አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ቄሱ ወደ እኔ ዞር ብለው "እንዲህ ነው ልጄ?" አሉኝ። ሐዘን ላይ ያለች ሴት ከባሏ ታላቅ እህት ጋር በሰው ፊት አፍ አትካፈትም። መሬት መሬቱን አየሁ። ቄሱም "ይሁን" አሉ፤ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ ወሩ አሥራ ሁለት በሆነ ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን ለብሶ በደጄ ሲያልፍ እኔ ቤቴ እቀመጣለሁ። ደብረ ማርቆስ ትልቅ ከተማ ሆናለች ይላሉ። ይሁንላት። ለእኔ ሰው ማለት ያ ማኅበር ነበር፤ ሌላው ሰላምታ ነው።

አንድ ክረምት አዲስ አበባ የምትሠራው ልጄ ለእረፍት መጣች፤ ላፕቶፕ ይዛለች። ዝናቡ ከቤት አያስወጣም። "ነይ እማዬ፣ ጌም ላስተምርሽ" አለችኝ። ጡረታ የወጣሁ ታይፒስት ስለሆንኩ ኪቦርድ አያስፈራኝም። እንግሊዝኛውንም አነበዋለሁ፤ ያልገባኝን እሷ ትነግረኛለች።

ጌሙ ስለ አንድ ሱፐርሂሮ ነው። ቀን ቢሮ ይሠራል፣ ሲመሽ ይበራል። ልብሱ ከመጥበቡ የተነሣ መጀመሪያ ላይ ከፊቱ በታች ማየት አፍሬ ነበር። ከኋላው ጋቢ የመሰለ ነገር አንጠልጥሏል። ጋቢውን ወደ ፊት ቢያዞረው ምን ነበረበት?

ድብድቡ ትንሽ ነው፤ ብዙው ወሬ ነው። ሰው ሲያናግረው የሚሰጠውን መልስ እኔ ነኝ የምመርጥለት። መልሶቹ ይደረደራሉ፤ ከሥራቸው አንዲት ነጭ መስመር እያጠረች ትሄዳለች። ሳልመርጥ መስመሯ ካለቀች ሰውዬው ዝም እንዳለ ይቆጠርና ታሪኩ በዚያው ይቀጥላል።

መጀመሪያ ጢሙ የሸበተ አሮጌ ሱፐርሂሮ መጥቶ ሰውዬዬን ጓደኞቹ ፊት አዋረደው።

"መልሺለት እንጂ እማዬ!"

"ሽማግሌ ናቸው እኮ።"

"እየሰደበሽ ነው!"

"ይስደቡኛ። አባቱ ይሆናሉ።"

መስመሯ አለቀች። ሰውዬዬ አንገቱን ደፋ።

ቀጥሎ የቡድናቸው አለቃ ተገደለ። የገደለው ከራሳቸው አንዱ ነው፤ እሱን የምናውቀው እኔና ሰውዬዬ ብቻ ነን። ቀብር ላይ ገዳዩ ጥቁር ለብሶ ከች አለ። ምረጪ ተባልኩ፦ ምታው፣ አባርረው፣ ገዳይ መሆኑን ተናገር። ቀብር ላይ እንዴት ሰው ይመታል? ለቀስተኛስ ይባረራል? እናት የሌለው የሠራው ጌም መሆን አለበት ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። ገዳዩ ወጥቶ የሟቹን የሕይወት ታሪክ አነበበ፤ አለቀሰም። ከዚያ "ቡድኑን ለእኔ ነው የተናዘዘልኝ" አለ። ሁሉም ዞረው ሰውዬዬን አዩት። እሱ ጫማውን ያያል። ቡድኑን አስረከቡት።

ልጄ ሶፋው ላይ ተንከባለለች። "ገድሎት የሕይወት ታሪኩን አነበበለት! ፈቀድሽለት እማዬ!"

"እኔ ምን አልኩ?"

"ምንም አላልሽማ!"

ዓይኔን አመመኝ ብዬ ተነሣሁ። ዓይኔን አላመመኝም። ያን ጊዜ በተዝካሩ ማግስት የተፈጸመው ጥፋቴ ነው አላልኩም፤ አሁንም አልልም። ግን አበሸቀኝ።

በሳምንቱ እትዬ ጃንጥላዋን እያራገፈች ገባች። ሰውዬዬ እየበረረ ነበር።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ጌም ነው እትዬ።"

"ይሄ ራቁቱን የሚበረው?"

"ለብሷል።"

"ምኑን?"

"ጠጋ ብለው ይዩት።"

ጠጋ ብላ አየችው። አማተበች፤ ዓይኗን ግን አልነቀለችም። ከዚያ ቁጭ ብላ የመጣችበትን ተናገረች። "አማኑኤል ከተማ፣ ትልቁ ልጄ ጋ ልገባ ነው። በዚህ ሚካኤል ጽዋው ለእኔ ይደርስ ነበር፤ በእኔ ፋንታ የትንሹ ልጄ ሚስት ትቀበላለች። ቦታውን ለእሷ ሰጥቻታለሁ።"

ልጄ ቀና አለች። "እማዬስ?"

"እናትሽማ ማኅበር አትወድም" አለችና ሻይዋን ጠጣች።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። ማኅበሩ ሲያበቃ ቄሱ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ለሚቀጥለው ወር ደጋሽ ይሰጣሉ። በመልአኩ ስም የተቀበለ ሰው ተቀብሏል፤ ከእጁ የሚነጥቀው የለም። ያቺ ልጅ ከተቀበለች የባሌ ቦታ ከቤቴ ለዘላለም ወጣ ማለት ነው።

"ሻይ ልጨምርልዎ?" አልኳት።

ከሄደች በኋላ ጌሙን ከመጀመሪያው አስጀመርኩ። ለሽማግሌው ስድቡን ሁሉ መለስኩለት፤ ጢሙንም አላከበርኩም። ገዳዩን ቀብር ላይ፣ ሣጥኑ ሳይወርድ በቡጢ አልኩት። "ቀስ እማዬ፣ ኪቦርዱ!" ትላለች ልጄ። በመጨረሻ ሰው ሁሉ ጠላን። ቡድኑ ግን በእጃችን ቀረ።

በአሥራ ሁለት ነጠላዬን ለብሼ ሳልጠራ ሄድኩ። ገብቼ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሰዎቹ ቦታ ለቀቁልኝ፤ ምን ፈልጌ እንደመጣሁ ግን የጠየቀኝ የለም። ጸሎቱ አለቀ፣ ጽዋው ዞረ። ቄሱ ሸፍነው አነሡት፤ የእትዬ ምራት እጇን ዘረጋች። ተነሥቼ ከፊቷ ቆምኩ።

"ምነው ልጄ?" አሉ ቄሱ።

"የባሌን ጽዋ ልቀበል ነው አባ።"

እትዬ ብድግ አለች። "አልፈልግም ብለሽ!"

"ያሉት እርስዎ ነዎት እትዬ። እኔ አላልኩም።"

"ታዲያ ያን ጊዜ ምነው አፍሽ ተለጎመ?"

"ሐዘን ላይ ነበርኩ። እርስዎ ግን አልነበሩም።"

ከሴቶቹ አንዷ "ኧረ ነውር ነው!" አለች፤ የትኛችንን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቄሱ አንዴ እኔን አንዴ እሷን እያዩ ጽዋውን እንደያዙ ቀሩ። እጄን ከሥሩ አስገብቼ "በመልአኩ ስም" አልኩ። ለቀቁት። እትዬ "የወንድሜ አጥንት ይፋረድሽ" ብላ አለቀሰች። ከማኅበርተኞቹ ግማሾቹ ሲወጡ አልተሰናበቱኝም።

ጽዋውን ቤቴ ወሰድኩ። ለሚቀጥለው ሚካኤል ጠላ ጠመቅሁ፣ ዳቦ ደፋሁ፣ ማኅበሩን ደገስኩ። እትዬን ጥሩልኝ ብዬ ግን ወደ አማኑኤል ሰው አልላክሁም።