ያልታጠበው ስፖንጅ

አጣቢዋ ሁለት እጆቿን እስከ ክንዷ ሳፋ ውስጥ ነክራ አሸዋ ታጥባለች። እያፈሰች በመዳፎቿ መሀል ታሸዋለች፣ ውሃውን ትደፋለች፣ መልሳ ትሞላለች። መጀመሪያ ጭቃ መስሎ ይወርድ የነበረው ውሃ አሁን በሳፋው ወለል ላይ የተሳለውን አበባ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ እሷ ግን አንዴ ልድገመው፣ አንዴ ብቻ ልድገመው ትላለች። በሳሙናና በበረኪና ብዛት የጣቶቿ ጫፎች ነጥተው መስመራቸው ጠፍቷል።

«አንቺ ሴትዮ» አለ ባለቤቷ ከወንበሩ ላይ ፊቱን ሳያዞር፤ «እንግዲህ የቀረሽ አስጥቶ መተኮስ ነው።»

እሷ ቀልዱን ሰምታ እጇን አቆመች። ከዚህ ሰው አፍ ቀልድ ከወጣ ብዙ ጊዜው ነበር። ሌላ ይጨምር እንደሆነ ብላ ጠበቀች፤ አልጨመረም። አሸዋዋን ቀጠለች።

ዕድሜዋን በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል የጨረሰች ሴት ናት። አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የሐኪሞች ገዋን፣ ስንቱን አጥባለች። ከዚያ ሥራ ይዛው የወጣችው ዕውቀት፣ በዓይን የሚታይ እድፍ ቀላሉ መሆኑን ነው፤ ክፉው የማይታየው ነው። ስለዚህ ንጹሕ የመሰለውን ትቀቅላለች፣ የተቀቀለውን ደግሞ በበረኪና ትዘፈዝፋለች። ጡረታ ወጥታም አመሏ አልለቀቃትም። ጎረቤቶቿ ደጅ ላይ ጫማቸውን እያወለቁ «ልቀመጥ ወይስ ልዘፍዘፍ?» ይሏታል። አትቀየምም። አንገቷን ደፍታ ትስቅና ጫማቸውን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርግላቸዋለች።

ባለቤቷ ደግሞ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ጉልበቶቹ ሲከዱት መሪውን ለሌላ ሰጥቶ ቤት ዋለ። በመስታወት አሻግሮ መንገድ ሲያይ፣ ተራራ ሲመጣና ሲሄድ ሲያይ የኖረ ሰው፣ አሁን ፊት ለፊቱ ያለው ግድግዳ ነው። መስኮቱ ጋ ብታስቀምጠው የሚታየው የጎረቤት ግድግዳ ነው፤ እሱም ከገዛ ግድግዳዬ አይሻልም አለ። ቴሌቪዥኑ ይጮህብኛል አለ። እያደር ወሬውም ቀነሰ፣ ጥያቄውም ቀነሰ። ዝም ያለ ሰው የተቀመጠበት ቤት፣ ሰው ከሌለበት ቤት ይልቅ ጭር ይላል። አጣቢዋ ይህን ለማንም አልተናገረችም። ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃቸው ግን በስልክ የአባቷ ድምፅ ማጠሩን ሰምታ ኖሮ፣ አንድ ቀን በሰው እጅ የዓሣ ማሳደጊያ አኳሪየም ላከች። ክንድ የማይሞላ የመስታወት ሳጥን ነው፤ ትንሽ መብራት፣ አየር መንፊያና ውሃ የሚያጣራ ስፖንጅ አለው። አባትየው ዓሣ የማውቀው ሳህን ላይ ነው አለ። እናትየው ግን ልቧ በዚያ ሳጥን ላይ ተንጠለጠለ። ይህ ሰው የሚያየው ነገር ካላገኘ ከነሕይወቱ ሊያመልጠኝ ነው ብላ ፈርታ ነበርና።

ሳጥኑን መሳቢያ ያለው ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጣ የባለቤቷን ወንበር ወደሱ አዞረች። ያን ስታጥብ የዋለችውን አሸዋ አነጠፈች፤ የዛፍ ሥር የሚመስል ጥቁር እንጨት አጋደመችበት። ተክሉን የገዛችው ገበያው ጥግ ካለ የዓሣ ሱቅ ነው። ባለሱቁ ጢሙ በአፉ ግራና ቀኝ ወርዶ የሚንጠለጠል ጎልማሳ ሲሆን፣ ሰፈሩ ሁሉ «ጢሞ» ይለዋል። ጢሞ ሁሉንም ደህና አድርጎ ነገራት። የቧንቧውን ውሃ በባልዲ ያሳድሩት፤ ተክሉን ይትከሉ፤ የስፖንጁን ማጣሪያ ያስነሡ፤ ከዚያ ሳምንታት ይታገሡ፤ ዓሣ ለማስገባት አይቸኩሉ አላት፤ በአክብሮት። እሷም አልቸኮለችም። የታገሰችው ግን እጇን አጣጥፋ አይደለም። ተክሉን ከመትከሏ በፊት አንድ በአንድ በበረኪና ውሃ አለቀለቀችው። ስፖንጁ ቡናማ መሆን ሲጀምር እያወጣች ቀቀለችው። እንጨቱ ላይ ነጭ ዝልግልግ ነገር ሲወጣበት በጥርስ ብሩሽ ፈገፈገችው። ውሃው ከጠርሙስ ይበልጥ ጠራ።

ሳምንታቱ ሲያልፉ ጣት የማይሞሉ፣ ጎናቸው ላይ ቀይ ጭረት ያለባቸው ዓሣዎችና ሽሪምፕ የሚሏቸው ጥቂት ባለ ቅርፊት ትንንሽ የውሃ ፍጥረታት አመጣች። ሽሪምፖቹ እንደ መስታወት ውስጣቸው ይታያል፤ በቀጫጭን እግሮቻቸው አሸዋውን ሲለቅሙ ሳንቲም የጠፋበት ሰው ይመስላሉ። ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ቀና አለ። «ያኛው ለምንድን ነው ወደ ኋላ የሚነዳው?» ብሎ ጠየቀ። ጠየቀ! አጣቢዋ ወጥ ቤት ገብታ ብቻዋን ደስ አላት።

ደስታዋ ሳምንት አልሞላውም። ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ይዘጉ ጀመር። ከዚያ አንዱ ተገልብጦ ተገኘ፤ ሌላው ተከተለ፤ ሽሪምፖቹም ነጭ እየሆኑ አሸዋው ላይ ተጋደሙ። ተክሉም ቅጠሉ ቀልጦ ወረደ። እሷ በየጊዜው ስፖንጁን ይበልጥ ቀቀለች። የመጨረሻውን ዓሣ በማንኪያ ስታወጣ ሾፌሩ አያት፤ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ወንበሬን ወደ ቀድሞው መልሺልኝ» አላት።

መለሰችለት። ግድግዳው ፊት።

በማግስቱ ከአኳሪየሙ ውሃ በጠርሙስ ቀድታ ጢሞ ዘንድ ሄደች። የታመመ ልጇን ይዛ ሐኪም ፊት እንደቀረበች ሴት ነበር የቆመችው። ጢሞ ውሃውን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየና ምን ምን እንዳደረገች ጠየቃት። እሷም ሳትደብቅ፣ እንዲያውም ትንሽ ኮራ እያለች ዘረዘረችለት፤ መቀቀሉን፣ በረኪናውን፣ የጥርስ ብሩሹን። ጢሞ አልሳቀባትም። ጢሙን እየጎተተ ሰምቶ ሲያበቃ፣ ከራሱ ትልቁ አኳሪየም ውስጥ ስፖንጅ አውጥቶ ባልዲ ላይ ጨመቀው። እንደ ቡና አተላ ያለ ውሃ ተንዠቀዠቀ። አጣቢዋ ሳታስበው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለች።

ዓሣ የበላውን እዚያው ውሃው ውስጥ እንደሚያወጣው፣ ያም መርዝ እንደሚሆንበት ነገራት። መርዙን የሚበሉ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት አሉ፤ ቤታቸውም ይህ ቆሻሻ የሚመስለው ስፖንጅ ነው። አሸዋውና ቅጠሉ ላይም ይኖራሉ። ውሃ ስለጠራ ብቻ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ሠራተኞቹን እየቀቀለች ስታባርር ዓሣዎቹ በገዛ ሽንታቸው ታፍነው ሞቱ።

«እትዬ» አላት፤ «ዕድሜዎን ሙሉ የማይታየውን ሲገድሉ ኖሩ። አሁን ደግሞ ያሳድጉት እስቲ።»

አጣቢዋ ፊቷ ጋለ። ከዚያ ግን ኀፍረቷን አንድ ሌላ ነገር ቀደመው። የማይታየውን የምታውቀው በጠላትነት ብቻ ነበር፤ ይሠራል፣ ቤት አለው፣ ይራባል ብሎ የነገራት ሰው አልነበረም። ምን ይመስላሉ? ብላ ጠየቀችው። እኔም አይቻቸው አላውቅም አላት። ታዲያ መኖራቸውን በምን ታውቃለህ? ዓሣው ሲኖር ነዋ አላት። ዓሣ ልግዛ ስትለው ግን እምቢ አለ። የዚያኑ የቆሸሸ ስፖንጅ ግማሽ በመቀስ ቆርጦ ከነውሃው በፌስታል አሰረና ሰጣት። እጇን ከሰውነቷ አርቃ፣ የሰው ዕቃ ሰርቃ እንደምትሸሽ ሴት ጥግ ጥጉን ይዛ ቤቷ ገባች።

ስፖንጁን አኳሪየሙ ውስጥ ከከተተችው በኋላ ፈተናው መጣ። እጇ ያሳክካት ጀመር። ሰሃን ስታጥብ ዓይኗ እሱ ላይ ነው፤ አልጋ ስታነጥፍ ዓይኗ እሱ ላይ ነው። አንድ ቀን ጧት እጇን እስከ ክርኗ ነክራ ስፖንጁን ይዛ ራሷን አገኘችው። ደንግጣ ለቀቀችውና እጇን እያንጠባጠበች ባሏ ፊት ቆመች።

«እጄን ጠብቅልኝ» አለችው። «ብቻዬን አልችለውም።»

ሾፌሩ ቀና ብሎ አያት። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ አልችልም ስትል ሰምቷት አያውቅም።

«እንግዲያ ወንበሬን አዙሪዋ» አለ። «የማላየውን እንዴት ልጠብቅ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘበኛ ሆነ። ወደ ሳጥኑ ቀረብ ስትል ጉሮሮውን ይጠርጋል። እጅጌዋን ስትሰበስብ «ተሳፋሪ፣ እጅ ወደ ውጭ ማውጣት ክልክል ነው» ይላታል። እሷም እንዳልሰማች ሆና ትመለሳለች። እጅ ሲጠብቅ የሚውል ሰው ግን እጅ በሌለበት ሰዓት ዓይኑን የት ይጥላል? ውሃውን ማየት ጀመረ። ባዶው ውሃ ባዶ አልነበረም። የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ቀንድ አውጣ መስታወቱ ላይ ስትንፏቀቅ ያየ እሱ ነው። ከየት መጣች? እሷ ከተክሉ ጋር ነው አለች፤ እሱ በበረኪና ያለፈ ተክል ጉንዳን እንኳ አያተርፍም፣ ከስፖንጁ ጋር ነው አለ። ሁለት ቀን ተከራከሩበት። መብራቱ ሲበራ፣ ከተክሉ ሥር አዲስ ካቆጠቆጠ ቅጠል ጫፍ የክር ያህል የቀጠነ የአረፋ ሰንሰለት ሽቅብ ሲወጣ አብረው አዩ፤ ተክሉ ይሆን የሚተነፍሰው? ውሃው አንድ ሰሞን የሩዝ እጣቢ መስሎ ደፈረሰ። እሷ ከንፈሯን ነክሳ ታገሰች። ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳይቀቅለው፣ ራሱ መልሶ ጠራ። አጣቢዋ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ስታየው ቆየች። እንዴት አድርገው አጠቡት? በምን እጃቸው?

ጢሞ እንደገና በጠርሙስ ያመጣችለትን ውሃ አይቶ፣ የመርዝ መፈተሻ ወረቀትም ነክሮ፣ አሁን ይሆናል ብሎ ራሱን ነቀነቀ። መጀመሪያ ሽሪምፖች፣ ቆይቶ ደግሞ ጥቂት ትንንሽ ዓሣዎች ሰጣት። ውሃውን እንዲለምዱ የአኳሪየሙን ውሃ በመጡበት ፌስታል ላይ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረገች ቀላቀለችላቸው። ያን ሰሞን ጧት ጧት ከአልጋዋ ወርዳ ወደ ሳሎን የምትሄደው ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ ነበር። አንድ ጧት አሸዋው ላይ የወደቀ ሽሪምፕ አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሾፌሩ ግን አንገቱን ሰግጎ ደጋግሞ ሲቆጥር ቆይቶ አንድም አልጎደለም አለ። የወደቀው ባዶ ቅርፊት ነው፤ ባለቤቱ እንጨቱ ሥር አዲስ ቆዳ ለብሶ ተሸሽጓል።

«አጣቢ ቤት መግባቱን አውቆ ልብሱን ጥሎልሽ ሄዷል» አላት። ተቀምጣ እስኪያማት ሳቀች። ልብሱንም አላነሣችለትም፤ ሽሪምፖቹ ራሳቸው ተሻምተው በሉት።

አሁን ልጃቸው በስልክ ስትደውል ቀፎውን ቀድሞ የሚያነሣው አባትየው ነው። አንዷ ሽሪምፕ ሆዷ ሥር እንቁላል ተሸክማ ቀን ከሌት በእግሮቿ እንደምታራግብ፣ ከዚያም አንድ ቀን ሆዷ ባዶ ሆኖ እንዳያት፣ እንቁላሉ የት እንደገባ ግን ሊደርስበት እንዳልቻለ ይተርክላታል። ልጅቱም ነገሩ አጓጉቷት ቅዳሜ እመጣለሁ አለች።

ልጅ ትመጣለች ሲባል እናትየው የማጠብ አመሏ ተነሣባት። የአኳሪየሙ የጎን መስታወት አረንጓዴ ለብሷል፤ እንደ ቬልቬት። ስፖንጁን አልነካም፣ አሸዋውንም አልነካም፣ ይህችን አንዷን መስታወት ብቻ ብላ ለመነች። ዘበኛው አስቦ አስቦ ፈቀደ። ጢሞ ሱቅ መስታወት የሚፍቅ እጀታው ረጅም የሆነ መፋቂያ አለ፤ ቅዳሜም ነገ ነው። ጫማዋን አደረገች፣ ሻርፗን ጣል አደረገች፣ ቦርሳዋን አንጠለጠለች፤ ሱቁ ሳይዘጋ ልድረስ ብላ በሩን ከፈተች።

«ነይ እስቲ» አለ ከኋላዋ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ጮክ ቢል የሚበረግግበት ነገር እንዳለ ሁሉ።

መለስ ብላ አጠገቡ አጎነበሰች። በጣቱ የጎኑን መስታወት አሳያት። መጀመሪያ አረንጓዴው ብቻ ታያት። ትንፋሿን ይዛ ስታይ ግን አረንጓዴው ላይ የሽፋሽፍት ቁራጭ የሚያክል ነገር ተንቀሳቀሰ። ሌላ አለ። ከሱ በታች ሌላ። እያንዳንዱ ጥቁር ነጥብ የምታህል ዓይን አለችው፣ የማይታዩ እግሮች አሉት፤ በዚያ ልትፍቀው በነበረው አረንጓዴ ላይ ተሰማርተው ይለቅማሉ።

«ምንድን ነው የሚበሉት?» አለች በሹክሹክታ።

«እሱን ነው የምፈልገው» አለ ሾፌሩ። «መነጽሬን አምጪው እስቲ፤ ደግሞም ያንን በርጩማ ሳቢና ተቀመጪ፤ ከዚያ ከተቆለመመው ቅጠል ሥርም አሉ፣ አንቺ ያኛውን ጥግ ያዢ።»

መነጽሩን ሰጥታው በርጩማውን ሳበች። ጫማዋን አላወለቀችም፣ ሻርፗንም አላወረደችም፤ ቦርሳዋ ጭኗ ላይ እንዳለ ያኛውን ጥግ ያዘች። በሩ ገርበብ እንዳለ ነው። ጢሞ መቼም በዚህ ሰዓት የሱቁን መዝጊያ እያወረደ ይሆናል።