ጥሩ ጋዝ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። አማርኛ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ስለሆነ ፊደል ብሳሳት አትፍረዱብኝ። እንድጽፍ ያደረገኝ ትናንት ማደያ ቆሜ የሰማሁት ድምፅ ነው። አንዲት ትልቅ አሮጌ መኪና መጥታ አጠገቤ ቆመች። ሾፌሩ ካጠፋት በኋላም ሞተሯ ትንሽ ተንገጫግጮ ነው ዝም ያለው። የራሴን መሙላት ትቼ አፌን ከፍቼ አየኋት።

ልጅ እያለሁ አባቴ እንደዚያ ያለች መኪና ነበረችው። አትላንታ ስመጣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እሱ ዲቪ ደርሶት ሲሄድ ገና ዳዴ እል ስለነበር፣ ኤርፖርት የተቀበለኝን ሰው የማውቀው በፎቶ ብቻ ነው። አክስቴ «አባትሽን አንቱ በይ» ብላ ልካኛለች። እሱ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ቀን «አንተ በይኝ እንጂ፣ ሽማግሌ አደረግሽኝ እኮ!» አለኝ። የትኛውን እንደምል ግራ ስለገባኝ ዝም አልኩ። የምፈልገው ነገር ሲኖር በጣቴ አሳየዋለሁ።

ሁለት ሥራ ስለነበረው ሳምንቱን ሙሉ የማየው ተኝቶ ነው። እሁድ ግን የእኔ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሽፋኗን ገፍፎ ያችን አረንጓዴ መኪና ያስነሣታል። በዕድሜ ትበልጠዋለች፤ የገዛት ብሩክሄቨን ከሚኖሩ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ነው። ወንበሯ ቆዳ ቆዳና ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል፣ በፀሐይ ሲግል ደግሞ እግሬ ላይ ይጣበቃል። ቡፎርድ ሃይዌይን ይዘን ዝም ብለን እንዞራለን። እሱ ያወራል፣ እኔ እሰማለሁ።

ከዚያ መኪናዋ ማንኳኳት ጀመረች። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጣት ጠጠር ጣሳ ውስጥ እንደሚናጥ ዓይነት ድምፅ ታሰማለች። የአባቴ ጓደኛ ጋሽ መኮንን አንድ እሁድ አብረውን ሲሄዱ ሰሙትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሞተሩ መከፈቱ ነው። ሽጣት ልጄ፣ ራቁትህን ታስቀርሃለች» አሉት።

አባቴም በሳምንቱ ገዢ አገኘላት። መኪናዋ ከሄደች እሁዴም አብራ እንደምትሄድ ያኔ ገባኝ።

እኔ ደግሞ ምን እየገደላት እንደሆነ የማውቅ መስሎኝ ነበር። አባቴ ሁልጊዜ «ጋዝ እንሙላ» ይላል። አገር ቤት እኛ ሰፈር ጋዝ ማለት አክስቴ ምድጃዋ ውስጥ የምትጨምረው ነው። ባሏ ላዳ ታክሲ ነጂ ስለነበር፣ ላዳው ዳገት ላይ ባንኳኳበት ቁጥር «እነዚህ ሌቦች ቤንዚኑ ላይ ጋዝ ቀላቀሉብኝ!» እያለ ሲራገም ነው ያደግሁት። አባቴ ጭራሽ ጋዝ ብቻውን ይሞላል! ሽታው እንደ ምድጃችን አልነበረም፤ የአሜሪካ ጋዝ ሌላ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ገዢው የቀጠረን እሁድ፣ ወደ እሱ ከመሄዳችን በፊት ዶራቪል ያለው ማደያ ገባን። አባቴ ወርዶ ቱቦውን ሲያነሣ አላስቻለኝም። አንገቴን በመስኮት አወጣሁ።

«ጋዝ አትጨምርባት! ትሞታለች!»

እንዲህ ስጮህ ሰምቶኝ አያውቅም። «ምን አልሽ?»

«ጋዝ እኮ ነው የምትሞላት! ቤንዚን ነው የሚያስፈልጋት!»

መኪናዋ ላይ ተደግፎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «የኔ ቆንጆ፣ እዚህ አገር እኮ ቤንዚኑን ነው ጋዝ የሚሉት!»

አፍሬ ልደበቅ ስል «ለመሆኑ ማን ነው ትሞታለች ያለሽ?» አለኝ። ስለ ላዳው ነገርኩት። ጥሩ ቤንዚን ያላገኘ መኪና ያንኳኳል አልኩት።

ሳቁ ቆመ። «ቆይ፣ ቆይ። ሽማግሌውም ቁልፉን ሲሰጡኝ ‹ጥሩ ጋዝ ስጣት› ብለውኝ ነበር። እኔ የማይቀላቅል ማደያ ፈልግ ያሉኝ መስሎኝ፣ ንጹሕ ነው ብዬ እዚህ ድረስ የምመላለስ!»

መሙያው ላይ የቤንዚኑን ደረጃ የሚያሳዩ 87፣ 89 እና 93 የሚሉ ሦስት ቁልፎች አሉ። እሱ «አሮጊት ናት፣ ርካሹ ሬጉላር ይበቃታል» እያለ ሁልጊዜ 87ን ነበር የሚጫነው። አሁን ጣቱ ቁጥሮቹ ላይ ሲንከራተት ቆየና 93ን ተጫነ። እኔ የፈተና ውጤት መስሎኝ ደስ አለኝ። ትልቁ ቁጥር ቶሎ የሚነድ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ሲያስረዱኝ ለካ ያለ ጊዜው እየነደደ የማያንኳኳው እሱ ነው። እንደ አባቴ መኪና ነዳጁን አጥብቆ የሚጨምቅ ሞተር ካልሆነ ደግሞ ምንም አይጠቅምም አሉኝ። እንዲህ ስጽፈው የገባኝ ይመስላል እንጂ ዛሬም በደንብ አልገባኝም።

አሁን የራሴ መኪና አለችኝ። ትንሽ ናት፣ 87 ይበቃታል። ካርዴን አስገባለሁ፣ እሞላለሁ፣ ማንንም ሳላናግር እሄዳለሁ። ሞተሯ መሥራቱን እንኳ ጆሮዬን ካልጣልኩ አልሰማውም። ጥሩ መኪና ናት፤ ግን እሁድ ቀን እሷን ይዤ ዝም ብዬ ልዙር ብዬ አላውቅም።

ያን ዕለት ከማደያው ወጥተን ዳገቱን ስንይዝ ሁለታችንም ጆሯችንን ጣልን። ጠጠሩ ትንሽ ተንኮሻኮሸ። እየቀነሰ ሄደ። አናቱ ላይ ስንደርስ የሚሰማው የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነበር። ወዲያው የአባቴ ስልክ ጠራ። ገዢው ነው፣ የቀጠሮው ሰዓት ደርሷል። አባቴ መኪናዋን ዳር ላይ ፓርክ አደረጋት። ስልኩን ሳያነሣ ጥቂት አየውና ወደ እኔ ዞረ።

«ምን እንበለው?» አለኝ።