ስሟ ያልተጻፈው ተዋናይ

ደቡብ አፍሪካ፣ ቶኮዛ ሰፈር ውስጥ ስፓዛ፣ ማለትም ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ የሚሠራ ሰው ስልኩን የሚያየው ድምፁን አጥፍቶ ነው። ጆሮ የመንገዱ ነው። የሩጫ ኮቴም ሆነ ከታች ሰፈር የሚነሣ የውጭ ሰው አባራሪዎች ዘፈን፣ ቀድሞ የሰማ ቀድሞ በሩን ይዘጋል። ከመቶ ዓመት በፊት ሆሊውድ ውስጥ ከተሠሩት ድምፅ አልባ ፊልሞች ጋር ያገናኘኝም ይኸው ነው። ለእኛ ለባለሱቆች የተሠሩ ነው የሚመስሉት።

ከሁሉም የምወዳት አንዲት ሴት ነበረች። በሚከንፍ ባቡር ጣሪያ ላይ ትሮጣለች፣ ከድልድይ ትንጠለጠላለች። ስሟ ግን የትም የለም። ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት “ያልታወቀች ተዋናይ” የሚል ብቻ ነው። በነፍሷ ተወራርዳ ሠርታ ስሟን የሚያውቅ ይጥፋ! በጣም ያናድደኝ ነበር።

ንዴቴ ለእሷ ብቻ አልነበረም። እኔም በሱቁ የብረት ፍርግርግ በኩል ዕቃ ለሚገዛኝ ሁሉ “ማይ ፍሬንድ” ነኝ። እዚሁ አጠገባችን ቮስሎሩስ ውስጥ ከነሱቁ የተቃጠለው የአገራችን ልጅ፣ የአባቱን ስም የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ፣ መርዶው ለማን እንደሚነገር ሳይታወቅ እዚሁ ተቀበረ። ከዚያ ወዲህ የምፈራው መሞትን ሳይሆን እንደዚያ መሞትን ነው እላለሁ። ውሸቴን ነው፤ መሞትንም እፈራለሁ።

ሸሪኬ የሆሳዕና ሰው ነው። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ሲጸልይ የሱቁ ቆርቆሮ ይነቃነቃል። ፊልሜን “ዓለማዊ” እያለ ይንቀዋል። እኔን በቤተ ክርስቲያናቸው ወግ “ወንድም” ይለኛል፤ አብረን ስንሠራ በሌላ ስም ጠርቶኝ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘፈኑ መጣ። ብዙ ሰው ሆኖ፣ እየቀረበ። በሩን ከውስጥ ቆልፈን ከዱቄቱ ጆንያ ጀርባ ተቀመጥን። ድንጋይ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ ወደ ሸሪኬ ዞርኩ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ እጁ ወደ ላይ ይነሣል፣ ዓይኑ ይፈጣል፤ ድምፅ ግን የለም። ያ ቆርቆሮ የሚያነቃንቅ ሰውዬ እንደ ፊልሜ ሰዎች ያለ ድምፅ ይጸልያል። ሳቄ መጣና እጄን ነከስኩ። ፍርሃት ሲበዛ እንደዚያም ያደርጋል።

ከውጭ የጎረቤታችን የአሮጊቷ ድምፅ ተሰማ፤ በአገሬው ቋንቋ ጎጎ፣ አያቴ፣ ነው የምንላት። “ሃምባኒ!” አለቻቸው፣ ሂዱ ማለቷ ነው። “ማይ ፍሬንድ የለም፣ ሄዷል!” ሌላ ድንጋይ መጣ። ቤንዚን የሸተተኝ መሰለኝ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ዘፈኑ ወደሚቀጥለው መንገድ ዞረ።

ከተቀመጥንበት አልተነሣንም። ሸሪኬ ላቡን በእጅጌው ጠረገ።

“ያቺ ከድልድይ የምትንጠለጠለው ልጅ፣ ስሟ ማን ነው ያልከኝ?” አለ በሹክሹክታ።

“አይታወቅም ጋሼ።”

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ዓይኔን ሳያይ፣ “ወንድም፣ እስቲ ሙሉ ስምህን ንገረኝ። እስከ አያት” አለኝ።

ለምን እንደጠየቀኝ ገባኝ። ነገርኩት። እሱም የራሱን ነገረኝ። እንዳንረሳው፣ እሱ የእኔን እኔ የእሱን፣ ፈተና እንደደረሰበት ተማሪ ስንደጋግም ጎጎ ፍርግርጉን አንኳኳች።

“ማይ ፍሬንድ! ማይ ፍሬንድ! አላችሁ?”

“አለን” ልላት ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሙሉ ስሜ ነው፣ እስከ አያቴ።